ከቀለሙ ሥር ያለ እጅ፦ የጥንት መኪና ሞተር ልባስና የፋብሪካ ሥራ ታሪክ

አንድ ዕቃ ከተሠራ በኋላ ያለፈበት ታሪክ ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ ሲሠራ የነበረው ታሪክ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይጻፍም። የአንድ አሮጌ መኪና ባለቤቶች እነማን እንደነበሩ፣ በየት አገር እንደተነዳ፣ በስንት ተገዝቶ በስንት እንደተሸጠ የሚዘግብ ወረቀት አይጠፋም። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ቀለም እንደለበሰ፣ ቀለሙም በየትኛው የሥራ ደረጃ ላይ፣ በብሩሽ ይሁን በመርጫ እንዳረፈበት የሚናገር ሰነድ ግን ብርቅ ነው። ጥያቄው ለብዙ ሰው ከንቱ ድካም ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ በተለይ በሰሜን አሜሪካ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በርካታ ሰዎች ተግተው ሲመራመሩበት የቆዩ ጉዳይ ሲሆን፣ የምርምሩ ውጤት ስለ ቀለም ከሚነግረን ይልቅ ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ የሚነግረን ይበልጣል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የሚነሣው እንዲህ ነው። አዳሹ አሮጌ መኪና ይገዛና ሞተሩን ያወርዳል። ሞተሩ በግሪስ፣ በአቧራና በዝገት ተሸፍኗል። በላዩም ሦስት አራት ዓይነት ቀለም ይታይበታል፤ አንዱ ባለቤት ጥቁር፣ ሌላው ብርማ፣ ሦስተኛው ቤቱ ተርፎ ያገኘውን አረንጓዴ ቀብቶታል። አዳሹ ከእነዚህ የትኛው የፋብሪካው እንደሆነ፣ ወይም አንዳቸውም የፋብሪካው እንዳልሆኑ መወሰን ይጠበቅበታል። ቸኩሎ በአሸዋ ግፊት እስከ ባዶው ብረት ድረስ ከጠረገው መልሱን በገዛ እጁ አጠፋው ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ከዓይነ ሕሊና የተቀዳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ማንም ያላየው ቀለም ይሆናል።

ነገሩን ለመረዳት ከፎርድ ኩባንያ «ሞዴል ቲ» መጀመር ይበጃል። ይህ መኪና ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ሲመረት ቆይቶ ብዛቱ 15 ሚሊዮን ደርሷል። ሞተሩ አራቱም ሲሊንደሮች በአንድ ወጥ ጊዛ የተቀዱበት፣ ቴስታታው ተነቅሎ የሚገጠም፣ ጉልበቱም 20 የፈረስ ጉልበት የነበረ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከወጡት ውጪ ይህ የጊዛ ብሎክ ጨርሶ ቀለም አልተቀባም። ከቅርጽ ማውጫው አሸዋ እንደወጣ፣ ሻካራና ግራጫ ሆኖ፣ ሊላጥ የሚገባው ቦታ ብቻ በማሽን ተልጦ ወደ መገጣጠሚያው ይሄድ ነበር። መኪናው ጥቂት ወራት ከተነዳ በኋላ ዘይትና ዝገት ተቀላቅለው ቡናማ ቆዳ ያለብሱታል። እንግዲህ በየትዕይንቱ ላይ አንጸባራቂ ቀለም ተቀብቶ የሚቀርበው የሞዴል ቲ ሞተር የተመልካችን ዓይን ቢያስደስትም የታሪክ ውሸት ነው። አዳሹ ያከበረው መኪናውን ሳይሆን፣ መኪና ምን ቢመስል እንደሚያምር በራሱ ዘመን የተቀረጸበትን አስተሳሰብ ነው።

ባዶው ጊዛ የስንፍና ምልክት አልነበረም። መኪናው ከመሠረቱ በቁጠባ የታሰበ ነበርና ለማይታይ ቦታ የሚባክን ቀለምም ሆነ ጉልበት አልተመደበለትም። በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ሲዘረጋ የአንድን መኪና ሻሲ ለመገጣጠም ይወስድ የነበረው 12 ሰዓት ተኩል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ሠራተኛው ግን ያንን ፍጥነት ሊሸከም አልቻለምና ጥሎ የሚሄደው ከሚቀጠረው የማይተናነስ ሆነ፤ በጃንዋሪ 1914 የታወጀው የ5 ዶላር የቀን ክፍያም ከዚህ ችግር የመነጨ እንጂ የቸርነት ሥራ አልነበረም። የጊዜው መለኪያ ወደ ደቂቃ በወረደበት ቦታ ለሞተር ብሎክ ብሩሽ የሚያነሣ እጅ ከየት ይገኛል?

ስለ ሞዴል ቲ የአካል ቀለም የሚነገረውም ብዙ ነገር በምርምር ተፈትኖ ወድቋል። ሔንሪ ፎርድ በ1922 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ከ1909 ጀምሮ መኪናው በጥቁር ብቻ እንዲሸጥ መወሰኑን ይተርካል። ከዘመኑ የተረፉት መኪናዎችና የፋብሪካው መዛግብት ግን ሌላ ይመሰክራሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀይም፣ ግራጫም፣ አረንጓዴም፣ ሰማያዊም ተሸጧል፤ ጥቁር ብቻ የሆነበት ዘመን የሚጀምረው በ1914 ገደማ ሲሆን፣ የሚያበቃውም ለ1926 የተዘጋጁት መኪናዎች እንደገና ቀለም ይዘው ሲወጡ ነው። ባለቤቱ ራሱ፣ ያውም ከ13 ዓመት በኋላ ብቻ፣ የገዛ ፋብሪካውን ታሪክ ማሳሳቱ ልብ ሊባል ይገባል። የከበርቴ ትዝታ ምንጊዜም ከሥራ መዝገብ ጋር መመሳከር ያስፈልገዋል።

ጥቁሩም ቢሆን አንድ ጥቁር አልነበረም። ሚሺጋን ውስጥ በዲርቦርን ከተማ በሚገኘው ቤንሰን ፎርድ የምርምር ማዕከል የተቀመጡትን የፋብሪካ ሥዕሎችና የለውጥ መዝገቦች አንድ በአንድ የመረመሩ ሰዎች በሞዴል ቲ የምርት ዘመን ከ30 በላይ ዓይነት ጥቁር ቀለም በሥራ ላይ መዋሉን ደርሰውበታል። ምክንያቱ የአሠራር ልዩነት ነው። የጭቃ መከላከያው በቀለም ገንዳ ውስጥ ይነከራል፤ አካሉ ላይ ቀለም በጎማ ቱቦ ይፈስበታል፤ ሌላው ክፍል በብሩሽ ይነካል፤ አንዳንዱ ምድጃ ገብቶ ይጋገራል፤ አንዳንዱ በአየር ይደርቃል። ለእያንዳንዱ አሠራር ውፍረቱና የመድረቂያ ጊዜው የተለየ ቀለም ያስፈልጋል። ከእነዚህ መካከል «ጃፓን ጥቁር» በመባል የሚታወቀው ከሬንጅ መሰል የተፈጥሮ ቁስና ከተልባ ዘይት የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በምድጃ ሲጋገር እንደ ኢናሜል ይጠነክራል። ጥቁር የተመረጠው ቶሎ ስለሚደርቅ ነው የሚባለው አባባል በየመጽሐፉ ቢደጋገምም፣ ርካሽና ጠንካራ ስለነበረ ነው የሚለው ማብራሪያ ሚዛን ይደፋል።

ከዚህ ላይ የፎቶግራፍ ምስክርነት መነሣት አለበት፤ ልምድ የሌለው አዳሽ በመጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ድሮ ፎቶግራፍ ነውና። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ይሠራበት የነበረው ፊልም ለቀይ ብርሃን ዕውር ነበር። ቀይ የተቀባ ነገር ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊው ነጣ ብሎ ይታያል። ስለዚህ በፎቶግራፉ ላይ ጥቁር የሚመስለው የ1909 መኪና ቀይ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛም ፋብሪካው ራሱ ለማስታወቂያ የሚያነሣው ሞተር ብዙውን ጊዜ ለካሜራ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ አንዳንዴም በፎቶግራፉ ላይ በእጅ ተነካክቶ ይቀርባል። ከመገጣጠሚያው መስመር በድንገት የተነሣ፣ ሠራተኛው ቀና ብሎ ካሜራውን ሳያይ የተቀረጸ ፎቶግራፍ ግን ወርቅ ነው። ቀለሙን ባያሳይም ቀለሙ መቼ እንደተቀባ፣ የቱ ክፍል ቀድሞ እንደተገጠመና የቱ እንደቀረ ያሳያል።

ዋናው ማስረጃ ግን ራሱ ብረቱ ነው። ልምድ ያለው አዳሽ ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት ይመለከተዋል፤ በላምባ በራሰ ጨርቅና በእንጨት መፋቂያ የግሪሱን ቅርፊት ቀስ ብሎ ያነሣል። በሃምሳ ዓመት ጠጥሮ የቆየ ቆሻሻ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከብርሃንና ከአየር ይጠብቀዋልና ባለቤቱ ሲያፍርበት የኖረው አዳፋ አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ መዝገብ ቤት ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ጥያቄዎቹ ይከተላሉ። የብሎኑ ራስ ከአካባቢው ብረት ጋር አብሮ ተቀብቷል ወይስ ባዶ ነው? አብሮ ከተቀባ ሞተሩ ቀለም የነካው ከተገጣጠመ በኋላ ነው። መያዣ ብረቱ ሲፈታ ከሥሩ ቀለም አለ ወይስ የመያዣውን ቅርጽ የያዘ ባዶ ጥላ? ጥላ ካለ መያዣው ከቀለሙ በፊት ተገጥሟል፤ ቀለም ካለ በኋላ ነው የመጣው። በብሎኩና በቴስታታው መካከል ባለው የጓርኒሲዮን ጠርዝ ላይ ቀለም ፈሶ ደርቋል? እንዲህ እየተባለ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ምልክቶች ሲደረደሩ ከቀለም ጥናትነት አልፈው የሥራ ቅደም ተከተል ይሆናሉ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሥፍራ፣ ከማን ቀጥሎ ማን ቆሞ ምን ያደርግ እንደነበር ይታወቃል። ማንም ያልጻፈው የወዛደሩ የዕለት ሥራ በብሎን ራስ ላይ ተጽፎ ይነበባል።

ሞዴል ቲን የተካው «ሞዴል ኤ» ለዚህ ዓይነቱ ንባብ የተመቸ ነው። ከ1927 መጨረሻ እስከ 1931 ወደ 4.8 ሚሊዮን የሚጠጋ መኪና ተመርቷል፤ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተሩም እንደ ቀደመው ባዶ ሳይሆን ጠቆር ያለ አረንጓዴ ለብሶ ይወጣ ነበር። በመካከሉ የቀለም ኢንዱስትሪ ተለውጧል። የተልባ ዘይት ቫርኒሽ እየተደራረበ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጅ በነበረበት ምትክ ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራ፣ በመርጫ የሚነፋና በሰዓታት የሚደርቅ ልባስ መጣ። ዱፖንት ያወጣውና «ዱኮ» የተባለው ይህ ቀለም በመጀመሪያ የታየው የጄኔራል ሞተርስ ክፍል በሆነው በኦክላንድ የ1924 መኪናዎች ላይ ነበር። አየር ግፊት ያለው መርጫ እጅ ውስጥ ሲገባ ለሞተር የሚጠፋው ጊዜ ወደ ጥቂት ደቂቃ ስለወረደ፣ ትናንት ቅንጦት የነበረው ነገር ዛሬ ተራ ሥራ ሆነ።

የሞዴል ኤ አፍቃሪዎች ሁለት ታላላቅ ማኅበራት አሏቸው፤ «ሞዴል ኤ ሬስቶረርስ ክለብ» እና «ሞዴል ኤ ፎርድ ክለብ ኦፍ አሜሪካ»። ሁለቱ በጋራ የሚያዘጋጁት የእድሳት መመሪያ ከብሎን ራስ ቅርጽ ጀምሮ እያንዳንዱ ክፍል በየትኛው ዘመን ምን ልባስ እንደነበረው የሚዘረዝር ወፍራም ጥራዝ ነው። መመሪያው በየጊዜው ይታረማል፤ አዲስ ሰነድ ወይም ያልተነካ መኪና ሲገኝ ትናንት ትክክል የነበረው ዛሬ ስሕተት ይሆናል። አረንጓዴው ራሱ ብዙ አነታርኳል። ቀለም በሙቀትና በዘይት ብዛት ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ ያደላልና ከተጋለጠ ቦታ የተወሰደ ናሙና ይዋሻል፤ እውነተኛው የሚገኘው ሞተሩ ከተቀባ በኋላ ተገጥሞ ከዚያ ወዲያ ካልተነቀለ ክፍል ሥር ነው። ከዚህም ሌላ የዛሬው ቀለም አንጸባራቂነቱ ከድሮው ስለሚበልጥ መልኩ ቢገጥም እንኳ ብርሃኑ አይገጥምም። ሠዓሊያን ይህን ከማንም በላይ ይረዱታል፤ አንድ ዓይነት አረንጓዴ በደብዛዛና በሚያብረቀርቅ ገጽ ላይ ሁለት አረንጓዴ ነውና።

ምርምሩ እጅግ የመጠቀው ግን በሼቭሮሌት ኩባንያ «ኮርቬት» ላይ ነው። ይህ የስፖርት መኪና በ1953 በፍሊንት ከተማ በ300 ብዛት ሥራው ተጀምሮ ወዲያው ወደ ሴንት ሉዊስ ተዛወረ፤ እስከ 1981 ድረስም በዚያው ተገጣጥሟል። ለ1955 የወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ብርቱካንማ የሚቀባ ሲሆን፣ ቀለሙ በ1977 ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ ድረስ የኩባንያው መለያ ሆኖ ኖሯል። ትንሹ ሞተር በፍሊንት፣ ትልቁ ደግሞ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በቶናዋንዳ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፍሊንት የሚለው ስም ለሠራተኛው እንቅስቃሴ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በዲሴምበር 1936 መጨረሻ በዚህች ከተማ የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኞች ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጠው ሥራ አቆሙ፤ በፌብሩዋሪ 1937 መጀመሪያ የሼቭሮሌትን የሞተር ፋብሪካ ቁጥር 4 ሲይዙ ኩባንያው ተንበረከከ፤ በ44ኛው ቀንም ማኅበራቸውን ለማወቅ ተገደደ። ከሃያ ዓመት በኋላ በዚያች ከተማ ብርቱካንማውን ቀለም የነፉት እጆች የዚያ ትግል ወራሾች ነበሩ።

እነዚህ እጆች እንዴት ይቀቡ እንደነበር ዛሬ በዝርዝር ይታወቃል። ሞተሩ ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ በመስመሩ ላይ እየተጓዘ ሳለ ቀለም ይነፋበታል። ሰውየው ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ስለዚህ መርጫው ፊት ለፊት የሚያገኘው ይወፍራል፤ የጥግና የሥር ቦታ ይሳሳል ወይም ባዶ ይቀራል። ከጊዛ የተሠራው የጭስ ማስወጫም አብሮ ይረጭበታል። ቀለም እንዳይነካ የተፈለገው ክፍል በችኮላ ይሸፈንና ጠርዙ ተጣሞ ይወጣል። ተቆጣጣሪው የጠበቀውን ብሎን በቀለም ጠብታ፣ ያለፈውን ክፍል በጠመኔ ወይም በሰም ከለር ምልክት ያደርግበታል። ከእነዚህ አንዱም በማስታወቂያ ሥዕል ላይ አይታይም። በእውነተኛው መኪና ላይ ግን ሁሉም አለ።

በ1974 የተመሠረተው «ናሽናል ኮርቬት ሬስቶረርስ ሶሳይቲ» የተባለው ማኅበር የሚዳኘው በዚህ እውነት መሠረት ነው። ዳኞቹ የሚጠይቁት መኪናው ምን ያህል እንደሚያምር ሳይሆን ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን መልክ ምን ያህል እንደያዘ ነው። ባለቤቱ ገንዘብ አፍስሶ ሞተሩን እንደ መስተዋት ካስወለወለው፣ የጊዛውን ሻካራ ገጽ በስቱኮ ሞልቶ ካለሰለሰው፣ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ቀብቶ በሚያብረቀርቁ ብሎኖች ካሠረው ነጥብ ይቀነስበታል። ለውበት ለለመደ ዓይን ይህ ፍርድ ግራ ያጋባል። ፍርዱ ግን ትክክል ነው። ከመጠን በላይ ያማረ እድሳት የሚሠርዘው የመኪናውን ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በደቂቃዎች ውስጥ አጎንብሶ ያንን ሞተር የቀባውን ሰው ጭምር ይሠርዘዋል። በምትኩ የሚቆመው የባለቤቱ ሀብት ነው።

ሆኖም ከዚሁ ሌላ ችግር ይወለዳል። ጉድለቱ ነጥብ የሚያስገኝ ከሆነ ጉድለትን አስመስሎ መሥራት ይጀመራል። አዳሹ ቀለሙን ሆን ብሎ ያፈስሳል፤ የተቆጣጣሪውን የጠመኔ ምልክት ከፎቶግራፍ ቀድቶ በእርጋታ ይሥላል፤ በ1960ዎቹ አንድ ሠራተኛ በሴኮንድ የጫረውን መስመር እርሱ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይደክምበታል። የችኮላ ምልክት በዝግታ ሲሠራ ምን ይባላል? አንዳንዶች ታማኝ ቅጂ ነው ይላሉ። ሌሎች የሰውን እጅ ጽሑፍ አስመስሎ መፈረም አድርገው ይቆጥሩታል። ክርክሩ ከማጭበርበር ጋር ሲነካካ ደግሞ ዋዛ አይሆንም። በሞተሩ ብሎክ ፊት ለፊት በተላጠው ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የሚመታው ቁጥር ሞተሩ የዚያው መኪና መሆኑን ስለሚያሳይና ዋጋውን እጅግ ስለሚያንረው፣ ገጹን እንደገና ልጦ ሌላ ቁጥር የሚመታ አልጠፋም። ይህንም የሚያጋልጠው ያው የልባስ ዕውቀት ነው፤ የፋብሪካው መላጫ በገጹ ላይ ትቶት የሚያልፈው ቀጫጭን ትይዩ መስመር በእጅ መሞረጃ አይተካምና።

የጥንት ተሽከርካሪዎች ማኅበራትን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያስተባብረው በ1966 የተቋቋመው «ፊቫ» በ2010ሮቹ መጀመሪያ የቱሪን ቻርተር የሚባለውን ሰነድ ያወጣው እንዲህ ያለው ጥያቄ በየቦታው ሲበዛ ነው። ሰነዱ አርአያ ያደረገው ለሕንጻዎችና ለሐውልቶች ጥበቃ በ1964 የወጣውን የቬኒስ ቻርተር ሲሆን፣ የቬኒሱም ሰነድ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ላይ መቆም እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ አመለካከት በግማሽ የተላጠ፣ የደበዘዘ፣ ነገር ግን በፋብሪካው እጅ የተቀባ ብርቱካንማ ቀለም ፍጹም ሆኖ ከተገለበጠ አዲስ ቀለም ይበልጣል፤ ሊጠበቅ እንጂ ሊታደስ አይገባውም። የቀድሞውን የሚመስለው አዲስ ክፍልም አዲስ መሆኑ ተመዝግቦ መታወቅ አለበት። ያልታደሱ መኪናዎችን ለብቻቸው የሚያከብሩ ሽልማቶች በአሜሪካ ማኅበራት ዘንድ መጀመራቸው ነገሩ ወደዚያ እያዘነበለ መሆኑን ያሳያል። ያልተነካ መኪና አንድ ጊዜ ብቻ ያልተነካ ነው፤ የተሳሳተ እድሳት ግን በሚቀጥለው ትውልድ ሊታረም ይችላል፤ ለማረሚያ የሚሆን አንድ እውነተኛ ሞተር የሆነ ቦታ ከተረፈ።

ፋብሪካው እንዳወጣው እናቆየዋለን የሚሉትን ሁሉ የሚፈትን አንድ ክፍል አለ፤ ይኸውም የጭስ ማስወጫው ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የተረጨው ብርቱካንማ ቀለም እሳት የሚችል አልነበረም። ሞተሩ ተነሥቶ ጊዛው ሲግል ቀለሙ ይጠቁራል፣ ያጨሳል፣ ይረግፋል፤ የመጀመሪያው ገዢ መኪናውን ገና ብዙ ሳይነዳው ጠፍቶ ያልቃል። ከፋብሪካ የወጣበትን መልክ ለዳኞች ሊያሳይ የሚሻ አዳሽም በጭስ ማስወጫው ላይ ቀለሙን ይረጫል፤ መኪናውን በራሱ ጉልበት ነድቶ ወደ ትዕይንቱ ከወሰደው ግን ሲደርስ ቀለሙ ግማሹ ተቃጥሏል። ስለዚህ አንዳንዶቹ በጭነት መኪና አስጭነው ያመጡታል፤ ከዚያም ሞተሩን ሳያስነሡ፣ ሦስት አራት ሰዎች ከኋላ ሆነው እየገፉ ወደ ቦታው ያስገቡታል።